ቡዳና ጅብ፤ የአንድ የተወረሰ ፍርሃት ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጀምስ ብሩስ ስለ ከተማዪቱ ከጻፋቸው ነገሮች አንዱ የሌሊቱ ጅብ ነው። ዘመኑ ራስ ሚካኤል ስሑል ሥልጣን የያዙበት፣ በሞት የተቀጡ ሰዎች ሬሳም ሳይቀበር በየአደባባዩ የሚቀርበት ጊዜ ስለ ነበረ፣ ከምሽት እስከ ንጋት ጎዳናው በጅብ ይሞላ ነበር። እንዲህ ባለ ከተማ ጅብን መፍራት የሚያስደንቅ አይደለም። ብሩስ እንደ ጻፈው ግን የከተማው ሰው የሚፈራው አውሬውን ብቻ አልነበረም። ጅቦቹ በአካባቢው ተራራ የሚኖሩ ፈላሾች ናቸው፣ በአስማት ተለውጠው የሰው ሥጋ ለመብላት በጨለማ የሚወርዱ ናቸው ይባል ነበር።

በዚህ አጭር ወሬ ውስጥ ሁለት ፍርሃት ተጣምሮ ይገኛል። አንደኛው፣ ጥርሱ አጥንት የሚሰብር አውሬ በጨለማ ሲመጣ ማንም ሰው የሚሰማው ፍርሃት ነው። ሁለተኛው ግን ቀን ማረሻ የሚሠራውን፣ ምጣድና እንስራ የሚሸጠውን ጎረቤት መፍራት ነው። የመጀመሪያው ምክንያቱ ግልጥ ነው፤ ሁለተኛው ከየት መጣ? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ድሮም የነበረ ነው» ወይም «የሕዝብ እምነት ነው» የሚል ነው። ይህ ግን መልስ አይባልም። ድሮ የሚባለው ዘመን ራሱ ዓመትና ወራት አለው፤ እምነትም መነሻ አለው። መነሻው ሳይመረመር ሲቀር፣ በፍርሃቱ ምክንያት ከጋብቻና ከማዕድ የተለየው ወገን ከተፈጥሮ የመጣ ፍርድ የወደቀበት ይመስላል። ስለዚህ የፍርሃትን ምንጭ መመርመር የዕውቀት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የፍትሕም ጉዳይ ነው።

ብሩስ ፈላሻ ብሎ የጠራው ሕዝብ ራሱን ቤተ እስራኤል ብሎ ይጠራል። የፊተኛው ስም እንደ ስድብ የሚቈጠር ስለ ሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ ከእንግዲህ ወዲያ የሚሠራበት ሁለተኛው ነው።

ከሰው ጋር የሚወለደውና ሰው የሚማረው ፍርሃት

ስለ ፍርሃት መመርመር የተጀመረው ከጥንት ነው። በሂፖክራተስ ስም ከሚጠሩት የግሪክ የሕክምና መጻሕፍት መካከል፣ በግብዣ ላይ ሌሊት የዋሽንት ድምፅ ሲሰማ የሚሸበር፣ ቀን ሲሰማው ግን ምንም የማይሆን አንድ ሰው ተጠቅሷል። ዛሬ ሐኪሞች ፎቢያ የሚሉት፣ ከመጠን ያለፈና ባለቤቱም ሊገታው የማይችለው ፍርሃት ስሙን ያገኘው ፎቦስ ከሚለው የግሪክ ቃል ነው። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1700 በታተመው የድርሰቱ እትም፣ ጨለማ በራሱ ከብርሃን ይልቅ የሚያስፈራ ነገር እንደሌለው፣ ነገር ግን ሞግዚት ለሕፃን ስለ ጨለማና ስለ መናፍስት አንድ ላይ እያደረገች ከነገረችው፣ ሕፃኑ ሁለቱን ነገሮች ዕድሜውን ሙሉ ሊለያያቸው እንደማይችል አስረድቷል።

ሎክ በአሳብ የደረሰበትን በ20ኛው መቶ ዓመት የተነሡ የሥነ ልቡና ሊቃውንት በሙከራ ፈተኑት። እ.ኤ.አ. በ1920 አሜሪካውያኑ ጆን ዋትሰንና ሮዛሊ ሬይነር፣ አልበርት ብለው የጠሩት አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነጭ አይጥ ሲነካ ከኋላው የብረት ዘንግ በመዶሻ እየመቱ አስደነገጡት። ሕፃኑ አስቀድሞ አይጡን አይፈራም ነበር፤ ድንጋጤው ጥቂት ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ ግን አይጡን ገና ሲያየው ያለቅስ ጀመር። ከዚያም አልፎ ጥንቸልንና ጠጕራም ልብስን ፈራ። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚለው የአገራችን ምሳሌ የሚናገረው ይህንኑ ነው። ሙከራው በሕፃን ላይ የተፈጸመ በደል በመሆኑ ዛሬ የሚፈቀድ አይደለም፤ ተመራማሪዎቹም ያስተማሩትን ፍርሃት ሳያስለቅቁት ሕፃኑ ተለይቷቸው ሄደ።

ፍርሃትን ማስለቀቅ የሚቻል መሆኑን ያሳየችው ሜሪ ከቨር ጆንስ ናት። እ.ኤ.አ. በ1924 የጻፈችው ጴጥሮስ ስለ ተባለ ጥንቸል ስለሚፈራ ሕፃን ነው። ሕፃኑ የሚወደውን ምግብ እየበላ ሳለ ጥንቸሉ በመጀመሪያ በሩቅ፣ በኋላም በየቀኑ ጥቂት በጥቂት እየቀረበ እንዲታየው ተደረገ። ጥንቸልን የማይፈሩ ሌሎች ሕፃናትም አብረውት እንዲጫወቱ ይደረግ ነበር። በመጨረሻ ጴጥሮስ ጥንቸሉን በእጁ እየዳበሰ ይጫወት ጀመር። ይህ ነገር ወደ መደምደሚያው ሲደረስ እንደገና የሚነሣ ስለ ሆነ አንባቢ በልቡናው ቢይዘው መልካም ነው።

በሌላ በኩል፣ ሰው ያለ አስተማሪ የሚፈራው ነገር እንዳለም ታውቋል። እ.ኤ.አ. በ1960 ኤሊኖር ጊብሰንና ሪቻርድ ዎክ ባሳተሙት ጥናት፣ ዕድሜአቸው ከ6 እስከ 14 ወር የሆኑ 36 ሕፃናት ከሥሩ ጥልቅ በሚታይበት መስተዋት አጠገብ ተቀምጠው እናቶቻቸው እንዲጠሯቸው ተደረገ። ከመካከላቸው 27ቱ ከቦታቸው ተንቀሳቅሰው እየዳኹ ሲሄዱ፣ በጥልቁ በኩል ለመሻገር የደፈሩት 3 ብቻ ነበሩ። ዘግይቶ የተደረገ ምርመራ ደግሞ ይህ ጥንቃቄ የሚጠነክረው ሕፃኑ መዳኽ ከጀመረ በኋላ መሆኑን አሳይቷል።

በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚገኘውን ነገር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሱዛን ሚኔካና ባልደረቦችዋ በጦጣዎች ላይ አገኙት። በቤት ተወልደው ያደጉ ጦጣዎች እባብን አይፈሩም ነበር፤ በዱር ያደገ ጦጣ እባብ አይቶ ሲሸበር ከተመለከቱ በኋላ ግን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መፍራትን ተማሩ። ፊልሙ ተለውጦ ያው ጦጣ አበባ አይቶ የሚሸበር መስሎ በቀረበ ጊዜ ግን አበባን መፍራት አልተማሩም።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ቁም ነገር አጭር ነው። አካል ለአንዳንድ ፍርሃት የተዘጋጀ ሆኖ ይወለዳል፤ ፍርሃቱን በአንድ ነገር ላይ የሚያሳርፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ ማኅበሩ ነው። እባብን መፍራት የሚማሩት ከነካሹ ሳይሆን ከፈሪው ነው። እባብን ለመፍራት የተዘጋጀ ዐይን ይኖር ይሆናል፤ ቀጥቃጭን ለመፍራት ተዘጋጅቶ የተወለደ ዐይን ግን የለም።

ጅብ በሰሜንና በሐረር

ጅብ የሚፈራበት በቂ ምክንያት አለው። በሌሊት በመንጋ ይሄዳል፤ መንጋጋው ትልቅ አጥንት ይሰብራል፤ ድምፁ አንዳንድ ጊዜ የሰው ሣቅ ይመስላል፤ ጥልቅ ሆኖ ያልተቈፈረ መቃብርም ከእርሱ አይድንም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ በቈየው ክፉ ቀን፣ የከብት ዕልቂት ያስከተለው ረኃብ ሰውን በየመንገዱ ሲጥለው፣ ጅብ ሬሳ መብላትን ለምዶ በደከሙት ሕያዋን ላይም መድፈር እንደ ጀመረ የዘመኑ ጸሐፊዎች ገልጠዋል። እንዲህ ያለው ዘመን ካለፈ በኋላ ትዝታው በልጅና በልጅ ልጅ አንደበት ይኖራል።

ይሁን እንጂ ጅብ የሚኖረው በአብዛኛው በሰው ትርፍራፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ በትግራይ የተደረገ ጥናት እንዳመለከተው፣ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ክርስቲያኑ ሥጋ በማይበላበትና የሚጣለውም ትርፍራፊ በሚያንስበት ጊዜ፣ ጅብ አህያ ወደ መብላት ያዘነብላል፤ ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ወደ ቀድሞ ምግቡ ይመለሳል። ስለዚህ ጅብ ሳይጠራ ከሰው ማዕድ ዳር የሚኖር እንስሳ ነው ማለት ይቻላል። ይህም ቀጥሎ ለሚመጣው ነገር ጠቃሚ ነው።

ሕፃን የጅብን ፍርሃት የሚያገኘው ከጅብ አይደለም። በምሽት ሲያለቅስ «ዝም በል! ጅብ መጣልህ» ይባላል። ከትልቅ ከተማ ወጥቶ የማያውቅ፣ ጅብንም በዐይኑ ያላየ ልጅ ጅብን ይፈራል። በተረት ደግሞ አያ ጅቦ ሆዳምና ሞኝ ሆኖ በጦጣ ይታለላል። አንድ ሕዝብ የሚፈራውን ነገር በተረት ሲሥቅበት መገኘቱ ያለ ነገር ነው።

ይኸው አውሬ በሐረር ሌላ ጠባይ ይዞ ይገኛል። በ16ኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን የተሠራው የሐረር ጀጎል ግንብ፣ ለሰው ከሚከፈቱት በሮች ሌላ፣ ጅብ በሌሊት የሚገባበትና የሚወጣበት ጠባብ ቀዳዳ አለው። በሙሐረም ወር በዓሹራ ዕለት ለጅቦች በቅቤ የተሠራ ገንፎ ይቀርባል፤ ጅቡ ወዶ ከበላው ዓመቱ መልካም ይሆናል ይባላል። ልማዱ የተጀመረው በረኃብ ጊዜ ጅብ ሰው ላይ እየደፈረ ስላስቸገረ፣ እንዲጠግብና እንዲታረቅ ታስቦ መሆኑን የአገሩ ትውፊት ይናገራል። ከዚህም በላይ ጅብ በሌሊት ሲዞር በከተማው ውስጥ የተሸሸጉትን ጂኒዎች ይበላል ተብሎ ይታመናል።

እንግዲህ አውሬው አንድ ነው፤ ጥርሱም አንድ ነው። በጎንደር ክፉ መንፈስ ያደረበት ሰው ተብሎ ይፈራል፤ በሐረር ክፉ መንፈስን የሚያጠፋ ተብሎ በር ይከፈትለታል። የሐረር ሰው ጅብን ጨርሶ አይፈራም ማለት አይደለም፤ ግን ፍርሃቱን በውል አስሮታል። ፍርሃት ከአውሬው ባሕርይ ብቻ የሚወጣ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ከተሞች አንድ ዓይነት ነገር በተናገሩ ነበር።

የቡዳ ነገር

በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ስለ ቡዳ የሚነገረው ነገር በጠቅላላው እንዲህ ነው። ቡዳ ቀን እንደ ማንኛውም ሰው ሆኖ ይታያል፤ ነገር ግን ዐይኑ ያረፈበትን ሰው ይበላል። የሚበላውም መልከ መልካሙን፣ የተደነቀውን ልጅ፣ በሰው ፊት የሚበላውን ሰው ነው። ስለዚህ ምግብ ተሸፍኖ ይቀርባል፤ ትልቅ ሰው ሲጠጣ በነጠላ ይከለላል፤ ያማረ ሕፃን ያለ ምርቃት አይደነቅም። «የተበላ» የሚባለው በሽተኛ ጢስ እንዲታጠን፣ ጸበል እንዲጠጣ ወይም ክታብ እንዲይዝ ይደረጋል፤ «ማን በላህ?» ተብሎም ይጠየቃል። በሽተኛው ለፍልፎ የጎረቤቱን ስም የጠራ እንደ ሆነ ነገሩ ከሕክምና ወደ ክስ ይለወጣል። ሌሊትም ቡዳው ወደ ጅብነት ይለወጣል ይባላል።

ዐይን ይጐዳል የሚለው እምነት የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። ፕሉታርክ የተባለው የግሪክ ጸሐፊ በ1ኛውና በ2ኛው መቶ ዓመት መካከል ባዘጋጀው የማዕድ ጨዋታ መጽሐፉ ውስጥ ነገሩን እንደ ጥያቄ አንሥቶ ተከራክሮበታል፤ በሜዲትራኒያን ዙሪያና በመካከለኛው ምሥራቅ እስከ ዛሬ አለ። ሰው ወደ አውሬ ይለወጣል የሚለውም ጥንታዊ ነው፤ ሄሮዶቱስ ኒውሪ ስለሚባሉ ሰዎች በየዓመቱ ለጥቂት ቀን ተኵላ ይሆናሉ የሚል ወሬ ሰምቶ፣ እርሱ ግን እንደማያምነው ጽፏል። የኢትዮጵያን ቡዳ ልዩ የሚያደርገው እነዚህ ሁለት እምነቶች ተጋጥመው በአንድ ዓይነት ሰው ላይ፣ ይኸውም በእጅ ሥራ በሚተዳደረው ሰው ላይ መውደቃቸው ነው።

ከ1805 ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) ብዙ ዓመት በትግራይ የኖረውና የሕይወት ታሪኩ በ1831 የታተመለት እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ፣ ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች ቡዳ እንደሚባሉ፣ በጆሮው የእነዚህ ሰዎች ጉትቻ የመሰለ ያለበት ጅብ ታይቷል እንደሚባልም ጽፏል። ማንስፊልድ ፓርኪንስም እ.ኤ.አ. በ1853 ባሳተመው መጽሐፍ የቀጥቃጭ ሥራ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍና የተናቀ መሆኑን፣ ባለሥራውም እንደ አስማተኛ እንደሚፈራ አስረድቷል። የግዕዝ ክታቦችም ዐይነ ጥላን፣ ባርያንና ሌጌዎንን ሲያወግዙ ከእነርሱ ጋር ነሀብትን፣ ማለት ብረት ሠሪዎችን፣ የሚጨምሩበት ጊዜ አለ። እንግዲህ ስሙ በአፍ ብቻ ሳይሆን በብራናም ተመዝግቧል።

ስለ ምን ቀጥቃጩ?

ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው የመጀመሪያው መልስ እሳት ነው። ድንጋይን አቅልጦ ብረት የሚያወጣ፣ በወናፍና በመዶሻም የፈለገውን ቅርጽ የሚሰጠው ሰው ተራ ሰው ያልተሰጠው ኃይል እንዳለው ሆኖ ይታያል። ሚርሴያ ኤሊያዴ እ.ኤ.አ. በ1956 ስለ ቀጥቃጮችና ስለ አልኬሚ ጠበብት ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አሳብ በብዙ አገር ምሳሌ አስፋፍቶታል። አሳቡ እውነትነት አለው፤ ግን ብቻውን አይበቃም። በምዕራብ አፍሪካ በማንዴ ሕዝቦች ዘንድ ቀጥቃጭ ይፈራል፤ ዳሩ ግን ታላላቅ ሥርዓቶችን የሚመራ የተከበረ ሰው ነው። በሩዋንዳም መዶሻ ከንጉሥ የሥልጣን ምልክቶች አንዱ ነበር። ከዚህም በቀር በኢትዮጵያ ቡዳ የሚባለው ብረት ሠሪው ብቻ አይደለም። ሸክላ ሠሪዋም፣ ፋቂውም፣ በብዙ ቦታ ሸማኔውም ይባላል። ሸማኔ ከእሳት ጋር ምን አለው? እሳትን በየቀኑ የምትነካው የገበሬ ሚስት ስለ ምን ቡዳ አልተባለችም?

ሁለተኛው መልስ መሬት ነው። ሮናልድ ሬሚኒክ በመንዝ ባደረገውና እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው ጥናት፣ የአገሩ ሰው ራሱን ጨዋ ብሎ የሚጠራው በርስቱ መሆኑን፣ ቡዳ የሚባለው ግን ርስት የሌለው፣ በእጅ ሥራ የሚኖር ወይም በሰው መሬት የተጠጋ ወገን መሆኑን አሳይቷል። ይህ መልስ ቀጥቃጩንም ሸማኔውንም አንድ ላይ ይገልጣል። የቤተ እስራኤል ታሪክም ያጠነክረዋል። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ዐፄ ይስሐቅ ድል ካደረጓቸው በኋላ፣ ክርስትና ያልተነሣ ሰው የአባቱን ርስት እንዳይወርስ መደረጉን ትውፊት ይናገራል። በ17ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ደግሞ በሰሜን ተራሮች የቀረው ነፃነታቸው ፈጽሞ ጠፋ። ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1636 ገደማ ከተቈረቈረች በኋላ ከእነርሱ ብዙዎቹ በግንበኛነት፣ በአናጢነት፣ በቀጥቃጭነትና በወታደርነት አገለገሉ፤ ነገሥታቱም እጃቸውን ይፈልጉት ነበር። ጄምስ ኩዊሪን እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው የታሪክ መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ መሬት ማጣትና የእጅ ሥራ መያዝ፣ ከዚያም መናቅና መፈራት ተከታትለው የመጡ ናቸው። እንግዲህ ቀጥቃጭ የሆኑት ቡዳ ስለ ነበሩ አይደለም፤ ቡዳ የተባሉት መሬት አጥተው ቀጥቃጭ ከሆኑ በኋላ ነው።

ይህም ቢሆን አንድ የሚቀር ነገር አለው። መሬት የሌለው ሁሉ ቡዳ አልተባለም። ለማኙና መናኙ፣ ከቦታ ቦታ የሚዞረው የቆሎ ተማሪም መሬት የላቸውም፤ ነገር ግን ስማቸው ከዚህ ፍርሃት ጋር አይጠራም። ስለዚህ ሦስተኛ ነገር መጨመር ያስፈልጋል፤ እርሱም ያለ እርሱ መኖር የማይቻለውን ሰው ከማዕድ መለየት ነው። ገበሬ ያለ ማረሻና ያለ ማጭድ አያመርትም፤ ያለ ምጣድ እንጀራ አይጋገርም፤ ያለ ሸማኔ ልብስ የለም። ገበሬው እህል እየሰፈረ የሥራውን ዋጋ ለባለእጁ ይሰጠዋል፤ ግን ከእርሱ ጋር በአንድ መሶብ አይበላም፤ ልጁን አይድርለትም። የቤተ እስራኤል ጉዳይ በሁለቱም ወገን ነበር፤ እነርሱም በበኩላቸው «አትንኩኝ» በሚል ሥርዓት ከክርስቲያን ከተነካኩ በኋላ በውኃ ይነጹ ነበር። መለያየቱ ግን ለሁለቱም እኩል አልነበረም። መሬቱ፣ ዳኛውና ወታደሩ በአንዱ ወገን ነበሩ።

እንዲህ ያለው ኑሮ በሰው ልቡና የሚያሳድረውን መገመት አያስቸግርም። ያበደሩት ይረሳ ይሆናል፤ የበደሉት ግን አይረሳም። ከማዕዴ የለየሁት ሰው ማዕዴን ሲያይ ምን ያስባል? ይራባል፤ ይመኛል፤ ያየውን ይበላል። የቡዳ ወንጀል መግደል ወይም መስረቅ ሳይሆን «መብላት» የተባለው፣ መሣሪያውም ዐይን የሆነው በዚህ ምክንያት ይመስላል። ከገበታው የተከለከለው ሰው ባለገበታውን ይበላል ተብሎ ተፈራ። ሳይጠራ ከሰው ማዕድ ዳር የሚኖረው ጅብም ለዚህ አሳብ የተዘጋጀ አካል ሆኖ ተገኘለት። ከዚያ በኋላ የሕፃን ድንገተኛ ሞትና ምክንያቱ ያልታወቀ የሆድ ሕመም በመጣ ቍጥር ፍርሃቱ አዲስ ማስረጃ ያገኘ ይመስለው ነበር።

አዋጅ፣ መሬትና ማዕድ

ይህን ፍርሃት ለማስወገድ የሞከሩ ነበሩ። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት አውሮፓውያን ሠራተኞችን ሰብስበው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ሲያሠሩ፣ በመንገድ ሥራም ራሳቸው ድንጋይ ሲያነሡ፣ የእጅ ሥራ የመንግሥት ክብር መሆኑን አሳይተዋል። ዳግማዊ ምኒልክ ደግሞ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከለከሉ። ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ የሚጽፈውን ጠንቋይ እያሉ መስደብ አገሪቱን ማረሻ የሚሠራ ሰው እስከማይገኝባት ድረስ ባዶ እንደሚያስቀራት አስረድተው፣ በሚሳደበው ላይ እስራት እንዲፈጸም አዘዙ። አዋጁ ትልቅ ነገር ነበረ፤ ዳሩ ግን አዋጅ የሚገዛው አንደበትን ነው። አንደበት ዝም ሲል ነጠላው ምግቡን መሸፈኑን አልተወም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ራሱ ለማረስ ለሚፈልግ ሁሉ መሬት እንዲሰጥ በማዘዙ፣ ጨዋንና ጠይብን ይለይ የነበረውን የርስት አጥር በሕግ አፈረሰው። ፍርሃቱ የመሬት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚያ ትውልድ ማለቅ ነበረበት። ይሁን እንጂ ዳያን ላይንስና አንድሪያ ፍሪማን በትግራይ ስለሚኖሩ ሸክላ ሠሪዎች ጥናት እ.ኤ.አ. በ2009 ሲያሳትሙ፣ ለጽሑፋቸው የሰጡት ርእስ «እኔ ክፉ አይደለሁም» በሚል ቃል የሚጀምር ነበር። አዋጁ ከወጣ ከ30 ዓመት በኋላም እንስራ የምትሠራ ሴት ክፉ አለመሆንዋን ማስረዳት ያስፈልጋት ነበር ማለት ነው።

የቤተ እስራኤል መጨረሻ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ በሱዳን በኩል፣ ከዚያም ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ከ14,000 የሚበልጡ ሰዎች በአውሮፕላን ወደ እስራኤል በተወሰዱ ጊዜ፣ የብዙ መቶ ዓመት ጉርብትና አበቃ። ሐጋር ሳላሞን በእስራኤል ከእነርሱ ጋር ተነጋግራ እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተመችው መጽሐፍ «የጅብ ሕዝብ» የሚል ስም አለው፤ በውስጡም እንደ ጅብ የታዩት ሰዎች ራሳቸው ስለዚያ ዘመን ይናገራሉ። በእስራኤል ሌላ ችግር ገጥሟቸዋል፤ ነገር ግን ወደዚያ ሲሻገሩ ጥርሳቸውም ዐይናቸውም አልተለወጠም። የቀረው የሚፈራቸው ጎረቤት ብቻ ነው። ፍርሃቱ የእነርሱ ንብረት ሳይሆን በሁለት ወገኖች መካከል የቆመ ነገር መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

እንግዲህ የዚህ ፍርሃት ታሪክ በአጭሩ ሲነገር፣ ሰው በጨለማ አውሬን ለመፍራት የተዘጋጀ ሆኖ ይወለዳል፤ ክፉ ዘመን ያንን ፍርሃት ያጠነክረዋል፤ እናትና ሞግዚት ለሕፃኑ ያስተላልፉለታል፤ መሬትን የከፋፈለ ሥርዓት ደግሞ ፍርሃቱን ከአውሬው አንሥቶ በባለእጁ ላይ ያሳርፈዋል። ከእነዚህ መካከል የተፈጥሮ ሥራ የሆነው የመጀመሪያው ብቻ ነው። የቀሩት የሰው ሥራ ናቸው፤ ሰው የሠራውንም ሰው ሊያፈርሰው ይችላል።

ለማፍረስ የሚያስፈልገው ነገር ከጴጥሮስ ታሪክ ይገኛል። ያ ሕፃን የዳነው ጥንቸል አያስፈራም ተብሎ ስለ ተነገረው አይደለም፤ ጥንቸሉን ስለ ፈራ ስለ ተቀጣም አይደለም። የዳነው የሚፈራው ነገር ሲበላ በአጠገቡ ስለ ነበረና የማይፈሩ ባልንጀሮቹን ስላየ ነው። የቡዳ ፍርሃት የተወለደው በማዕድ መለያየት ከሆነ፣ መድኃኒቱም ከማዕድ የራቀ አይሆንም። ሐረር ለጅብ እንኳ ገንፎ አቅርባ ታርቃለች። በአንድ መሶብ የሚቀመጡ፣ በአንድ ዕድር የሚቀባበሩ፣ ልጆቻቸውን የሚዳደሩ ሰዎች ባሉበት መንደር ይህ ፍርሃት ምን ያህል እንደሚቈይ ቈጥሮና መዝግቦ ማየት ከእንግዲህ የተመራማሪው ሥራ ነው። ወደ ገጠር የሚወጣ ተማሪም በማስታወሻው ላይ «ሕዝቡ ቡዳን ይፈራል» ብሎ ከመጻፉ በፊት፣ የሚፈራው ማን እንደ ሆነ፣ የሚፈሩትም ማንን እንደ ሆነ፣ ሁለቱ አብረው የበሉትም መቼ እንደ ሆነ ይጠይቅ።